ወፏና አገሯ፤ በእጅ ስለሚሠሩ ዝቅተኛ የካሜራ መደገፊያዎች የቀረበ ሂስ

ማሽላው ባሸተበት ማሳ መካከል አራት አጠና ተተክሎ፣ ርብራብ ተነጥፎበት፣ ለጥላ ጥቂት ሣር ተጥሎበት የሚቆመውን ማማ የማያውቅ የቆላ ገበሬ የለም። ወንጭፍ የያዘው ልጅ ከንጋት እስከ ምሽት በዚያ ላይ ቆሞ ሰብሉን ከግሪሳ ይጠብቃል። ከማማው ላይ ሲታይ ወፍ ማለት እንደ ደመና የሚመጣና እንደ ደመና የሚበተን መንጋ ነው፤ ዓይን የለውም፤ መልክ የለውም፤ ከመንጋው ተለይታ የምትታወቅ አንዲትም ወፍ የለችም። ይህ የልጁ ጉድለት አይደለም። የተሰጠው ኃላፊነት እህሉን ማዳን ነው፤ ለዚህም ከፍታ ያስፈልገዋል፤ ከፍታ ደግሞ መንጋውን እንጂ አንዲቱን ወፍ አያሳይም። የቆመበት ቦታ የሚያየውን ነገር አስቀድሞ ወስኖበታል ማለት ነው።

ወፍን በፎቶግራፍ ለመቅረጽ የሚነሣ ሰው የሚሻው መቆሚያ የማማ ተቃራኒ ነው። እርሱ ከመንጋው መካከል አንዲቱን ለይቶ፣ በዓይኗ ልክ ሆኖ፣ ኑሮዋን ሊያይ ይፈልጋል። ስለዚህ መውረድ አለበት። ከመደብር የሚገዛው ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ግን በመሠረቱ የተሠራው ለቆመ ሰው ነው፤ እግሮቹ ቢዘረጉ እንኳ የብዙዎቹ የመካከል ዘንግ መሬት እየነካ ካሜራውን ከትንሿ ወፍ ራስ በላይ ያስቀረዋል። ይህን ችግር ለማስወገድ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የወፍ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከወጥ ቤት መጥበሻ፣ ከባቄላ ከረጢት፣ ከአሮጌ ጣውላና ከመኪና ከመነዳሪ የየራሳቸውን ዝቅተኛ መደገፊያ ሲሠሩ ቆይተዋል። ከዚህ ልምድ የተወለደው ምስል ዛሬ በዓለም አቀፍ ውድድሮችና በፎቶግራፍ መጽሔቶች ገጽ ላይ የራሱ መልክ ያለው የጥበብ ዘርፍ ሆኗል።

ይህ ጉዳይ የኪነ ጥበብ ሂስ ርእስ ሊሆን ይገባዋልን? ስለ ሥዕል የሚጽፍ ሃያሲ ስለ ሸራው መወጠሪያ እንጨት አይጽፍም ይባል ይሆናል። ነገር ግን የመደገፊያው ከፍታ የምስሉን ይዘት የሚለውጥ ከሆነ ሃያሲው ሊያልፈው አይችልም። በፎቶግራፍ ጥበብ የአመለካከት ጥያቄ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም፤ በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነገር ነው። በመሆኑም ሁለት ጥያቄዎች መነሣት ይኖርባቸዋል። ዝቅ ያለው መደገፊያ ለወፏ ምን ሰጣት? ምንስ ወሰደባት?

ከትከሻ እስከ በሬ ቆዳ

መደገፊያው ለማን እንደሚሰጥ የሚለው ጥያቄ ከካሜራ በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ እውቁ አሜሪካዊ የወፍ ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱበን ወፎቹን ተኩሶ ከጣለ በኋላ በሽቦ እየደገፈ፣ በሕይወት ያሉ እንዲመስሉ አድርጎ ይሥላቸው ነበር። በዚያ ሥራ መደገፊያው የተሰጠው ለሞተችው ወፍ ነው። ከእንግሊዝ አገር ከዮርክሻየር ገጠር የወጡት ወንድማማቾች ሪቻርድ ኪርተን (ከ1862 እስከ 1928) እና ቼሪ ኪርተን (ከ1871 እስከ 1940) ነገሩን ገለበጡት፤ ወፏ በሕይወቷ ትቀር ዘንድ መደገፊያው ለካሜራውና ለሰውየው ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወንድማማቾቹ በ1892 የወፍ ጎጆ ከነእንቁላሉ ፎቶግራፍ አነሡ። በ1895 ደግሞ ስለ ብሪታንያ ወፎች ጎጆዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ ከተፈጥሮ በቀጥታ በተነሡ ፎቶግራፎች ተደግፎ ታተመ። ካሜራቸው ከባድ የእንጨት ሣጥን፣ ፊልማቸው የመስታወት ሳህን ነበር። ለእንዲህ ያለው ሥራ የተዘጋጀ መቆሚያ በገበያ ስላልነበረ ሁሉን ከራሳቸው አመነጩ። ጎጆው ከፍ ካለ አንዱ ወንድም በሌላው ትከሻ ላይ ይቆማል፤ ጎጆው ገደል ላይ ከሆነ በገመድ ይወርዳሉ። በ1900 ደግሞ የበሬ ቆዳ በቀላል የእንጨት አጽም ላይ አልብሰው፣ ሰውና ካሜራ በሆዱ የሚይዝ ሐሰተኛ በሬ ለሥራቸው አዋሉ። የመስክ ወፎች ከሚግጥ ከብት አይሸሹምና በሬው ባለበት ቆሞ እነርሱ ወደ እርሱ እንዲቀርቡ ለማድረግ ታስቦ ነው።

ይህ በሬ ዛሬ ፈገግታ ያጭር ይሆናል። ሆኖም በጥሞና ለሚመለከተው ቁም ነገር አለው። ወፏ የምትፈራው ምንድን ነው? የማትፈራውስ? የሚለውን ጥያቄ ከወፏ ወገን ሆኖ የጠየቀ መሣሪያ ነው። የኪርተን ወንድማማቾች ሥራ ጥንካሬም ድካምም ከዚሁ ይመነጫል። የመስታወቱ ሳህን ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበረ እንቅስቃሴን መያዝ አስቸጋሪ ነበር። በጎጆዋ የተቀመጠችውን ግን ከሣሩ፣ ከድንጋዩና ከእሾሁ ጋር አድርገው ቀርጸዋታል። ተመልካቹ ወፏን ብቻ ሳይሆን ወፏ ቤት የሠራችበትን አካባቢ ጭምር ያነብባል። ይህ ነጥብ ኋላ ለሚነሣው ጉዳይ መለኪያ ይሆናል።

ከእነርሱ ቀጥሎ የምትነሣው ኤማ ተርነር (ከ1867 እስከ 1940) ናት። ይህች ሴት በኖርፎክ አውራጃ በሂክሊንግ ረግረጋማ ሐይቅ ላይ በራሷ ንድፍ በተሠራች የመኖሪያ ጀልባ ውስጥ በየዓመቱ የተወሰነውን ጊዜ እየኖረች ስትሠራ ቆየች። ጀልባዋ ቤቷም መደገፊያዋም ነበረች ማለት ይቻላል፤ በሸንበቆው መካከል ከውኃው ጠለል እምብዛም ሳትርቅ አካባቢውን እንድትለምድ፣ አካባቢውም እንዲለምዳት አድርጋታለችና። በ1911 የቢተርን ጫጩት ፎቶግራፍ አነሣች። ቢተርን ከሸንበቆ መካከል የማትወጣ ባለ ረጅም አንገት ወፍ ስትሆን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በብሪታንያ መራባቷን አቁማ ነበር። የጫጩቷ ምስል ወፏ ወደ አገሯ ተመልሳ መውለድ መጀመሯን ያረጋገጠ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆነ። በዚህ ምስል ውበትና ምስክርነት አልተነጣጠሉም።

ሦስተኛው ኤሪክ ሆስኪንግ (ከ1909 እስከ 1991) ነው። ሆስኪንግ የወፍ ፎቶግራፍን መተዳደሪያ ሙያው ካደረጉት ቀደምቶች አንዱ ሲሆን በ1937 በዌልስ አገር ጎጆዋን የምትጠብቅ ጉጉት በጥፍሯ መትታ ግራ ዓይኑን አጠፋችበት። ሙያውን ግን አልተወም። የዚህ ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጽናቱ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ሌላም ትርጉም አለው። ጉጉቷ የምስል መነሻ የሆነች ዕቃ አልነበረችም፤ የራሷ ቤት፣ የራሷ ጫጩትና የራሷ ሥጋት ያላት ፍጡር ነበረች። ሰውየው ወደ እርሷ ሲቀርብ እርሷም አይታዋለች።

መጥበሻ፣ ከረጢትና ተንሳፋፊ ጣውላ

በዛሬው ዘመን በአማተሮች እጅ ከሚሠሩት መደገፊያዎች እጅግ የታወቀው መጥበሻው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጠርዙ ከፍ ያለ አሮጌ መጥበሻ ይወሰድና መካከሉ በትራፓኖ ይበሳል። ከሥር ወደ ላይ አንድ ቡሎን ይገባል፤ በሮንዴላና በዳዶ ይጠብቃል፤ በወጣው የቡሎን ጫፍ ላይ የካሜራው ተሽከርካሪ አንገት ይታሰራል። የትላልቆቹ የካሜራ አንገቶች ጥርስ ባብዛኛው የ3/8 ኢንች፣ የካሜራው የራሱ ደግሞ የ1/4 ኢንች በመሆኑ ተስማሚውን ቡሎን ማግኘት ለብረታ ብረት ሠራተኛ አስቸጋሪ አይደለም። የቡሎኑ ራስ ከሥር ወጥቶ መሬት እንዳይቧጥጥ ሰፊና ዝርግ መሆን አለበት። ፎቶግራፍ አንሺው በደረቱ ተኝቶ መጥበሻውን ከፊቱ እየገፋ በአሸዋና በጭቃ ላይ ያንሸራትተዋል። የመጥበሻው ጠርዝ ጭቃውን ይከላከላል፤ እጀታው ሳይቆረጥ ከቀረ መግፊያ ይሆናል።

ሁለተኛው የባቄላ ከረጢት ነው። ከጠንካራ ጨርቅ ተሰፍቶ ባቄላ፣ ሽንብራ ወይም ሩዝ ይሞላል፤ ሌንሱ በላዩ ሲጋደም እህሉ ቦታ እየለቀቀ ያቅፈዋል፤ ንዝረትንም ይውጣል። ሙሉ በሙሉ መሞላት የለበትም፤ ጢም ብሎ የሞላ ከረጢት እንደ ድንጋይ ይንከባለላል። ልምድ ያለው ተጓዥ ባዶውን ከረጢት አጥፎ ይሄዳል፤ በደረሰበት ገበያ እህል ገዝቶ ይሞላዋል፤ ሲመለስ እህሉን ለሰው ሰጥቶ ይመጣል። ሦስተኛው ለውኃ የተሠራ ነው። በአየር በተነፋ ከመነዳሪ ላይ ጣውላ ይታሰራል፤ ካሜራው በጣውላው ላይ ይቀመጣል፤ በላዩ ድንኳን መሰል ሽፋን ይደረጋል። ፎቶግራፍ አንሺው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተንበርክኮ ወይም ቆሞ በቀስታ ይገፋዋል።

እነዚህ ሁሉ የሚሰጡት ጥቅም በግምት የሚነገር አይደለም፤ በቀላል ሒሳብ ይታያል። አንዲት ትንሽ የውኃ ዳር ወፍ ከመሬት እስከ ዓይኗ 10 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች እንበል። ፎቶግራፍ አንሺው በ8 ሜትር ርቀት ቆሞ ካሜራውን በ160 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ከያዘ የእይታው መሥመር በወፏ ዓይን አልፎ መሬት የሚነካው ከኋላዋ በግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በምስሉ ላይ ከወፏ ጀርባ የሚታየው ያው የቆመችበት ጠጠርና ጭቃ ነው፤ ወፏም ከመሬቱ ጋር ትጣበቃለች። ካሜራው ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ግን ያው መሥመር መሬት የሚደርሰው ከወፏ 16 ሜትር ርቆ ነው። ከኋላዋ ያለው ሁሉ በርቀቱ ብዛት ይደበዝዛል፤ ወፏ ጥርት ብላ ከመሬቱ ተለይታ ትቆማለች። ውድ ሌንስ የማይሰጠውን ልዩነት አንድ አሮጌ መጥበሻ ይሰጣል ማለት ነው።

ዓይን ለዓይን

የከፍታ ለውጡ የይዘት ለውጥ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የታየች ወፍ ጀርባና ክንፍ ናት፤ የአዳኝ ወይም የእህል ጠባቂ እይታ ናት። በዓይኗ ልክ የታየችው ግን ፊት አላት። እግሯ ክብደቷን ሲሸከም ይታያል፤ አንገቷን ስትሰብቅ ምን እንደምትፈልግ ይገመታል፤ ትንሽነቷም ይረሳል። የጭቃ ላይ ወፍ በምስሉ ውስጥ እንደ ሰው ቁመት አግኝታ ስትቆም ተመልካቹ ሳያውቀው ወደ እርሷ ዓለም መጠን ይገባል። የዚህ ዘርፍ እውነተኛ ስኬት ይህ ነው።

ይህን እይታ ግን ካሜራ አልፈጠረውም። በአድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት ወንጌሎች ብራና በራዲዮ ካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ መዘጋጀቱ ታውቋል። በመጻሕፍቱ የቀኖና ሠንጠረዦች ቅስቶች አናት ላይ የተሣሉት ወፎች በጎን የታዩ፣ በራሳቸው ቁመት የቆሙ ናቸው። ሠዓሊው ከላይ ወደ ታች አላያቸውም። ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺው በመጥበሻና በከረጢት የሚደክምለትን ቦታ ሠዓሊው በብሩሹ አግኝቶት ነበር። ልዩነቱ ሠዓሊው ወፎቹን ያስቀመጠው በአንድ ሥፍራ ላይ መሆኑ ነው፤ ከቅስቱ፣ ከዓምዱና ከአጸዱ ጋር ናቸው። ባዶ ቦታ ላይ አልተንሳፈፉም።

አገር የሌላት ወፍ

የዘርፉ ድካም የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። የደበዘዘው ጀርባ መጀመሪያ የዝቅታው ውጤት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ግቡ ራሱ ሆነ። ዛሬ ከዝቅተኛ መደገፊያ የሚነሡ ብዙ የወፍ ምስሎች ቢደረደሩ ጀርባቸው ወይ ወርቅማ ነው፤ ወይ አረንጓዴ ነው፤ ወይ ግራጫ ነው። ወፏ በሰሜን አውሮፓ ዳርቻ ትሁን ወይም በስምጥ ሸለቆ፣ በወንዝ አፍ ትሁን ወይም በፋብሪካ ኩሬ፣ ከምስሉ ማወቅ አይቻልም። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አገሯ ግን የለም። ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች የሚለውን አባባል የሚያውቅ ተመልካች ጩኸቷን ያጣ ያህል ይሰማዋል። በዚህ ጊዜ ዝቅታው ከመተሳሰብ ወደ ጌጥ ይለወጣል፤ ወፏም ከኦዱበን ሽቦ ብታመልጥም በሌላ ዓይነት ማሳያ ሣጥን ውስጥ ትገባለች።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን በአንዳንድ ሥፍራ የወፏ ጀርባ ከወፏ ያላነሰ ታሪክ ይናገራል። አብያታ ሐይቅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አብያታ ውኃውን በከፊል የሚያገኘው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ነው። ከላይ ለመስኖ፣ ከሐይቁ ደግሞ ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ሲወሰድ የሐይቁ ስፋት ባለፉት አሠርት ዓመታት እጅግ ቀንሷል፤ ቀድሞ ውኃ የነበረው ሥፍራ ነጭ የደረቀ ሜዳ ሆኗል። በአጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩት ትላልቅ ነጭ ፔሊካኖች ዓሣ ለማጥመድ የሚበሩት ወደ አብያታ ነበር። ውኃው እየጎደለ ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም ምግባቸውን አጡ።

እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በዚያ ዳርቻ በደረቱ ተኝቶ፣ በመጥበሻው ላይ ረጅም ሌንስ አስቀምጦ፣ ፍላሚንጎዋን በለስላሳ ሐምራዊ ጀርባ ላይ ቢቀርጻት ምን አገኘ? የሚያምር ምስል አገኘ። ከኋላዋ የነበረው የሸሸ ውኃና የተሰነጣጠቀ ጭቃ ግን በድብዘዛው ውስጥ ሟሟ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ምስሉን የሚያይ ተማሪ ሐይቁ እንደ ሞላ ወይም እንደ ጎደለ ሊያውቅ አይችልም። የኤማ ተርነር የቢተርን ጫጩት ምስል ከመቶ ዓመት በላይ ሲኖር የቻለው ላባው ስላማረ ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር በአንድ ቦታና በአንድ ዓመት መኖሩን ስለ መሰከረ ነው።

መፍትሔው መደገፊያውን መጣል አይደለም፤ ከፍ ማድረግም አይደለም። ያው መጥበሻ፣ በያው ዝቅታ፣ ሰፊ ቦታ በሚያሳይ አጭር ሌንስ ቢሠራበት ወፏ በፊት፣ ዳርቻው በመካከል፣ አድማሱ በኋላ ይገባሉ። በረጅም ሌንስም ቢሆን የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ጠበብ ቢደረግና ጥቂት ራቅ ቢባል የቦታው ቅርጽ መታየት ይጀምራል። የሚጠይቀው ወጪ የለም፤ የሚጠይቀው የተለመደውን ማማር መተው ነው። ከአንድ ዳርቻ የሚመለስ ፎቶግራፍ አንሺ የወፏን ብቻ ሳይሆን ወፏ ያለችበትን ቢያንስ አንድ ምስል ይዞ ካልተመለሰ ሥራው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከደረት ሥር ያለው እንቁላል

ሁለተኛው ጉድለት ከምስሉ ላይ የማይታይ ነው። ዝቅ ማለት በራሱ ትሕትና የሚመስላቸው አሉ። በመሬት የሚሳብ ሰው ግን ከቆመ ሰው ይልቅ ብዙ መሬት ይሸፍናል፤ ዓይኑም ከሌንሱ ጀርባ ስለ ሆነ ከደረቱ ሥር ያለውን አያይም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ በኪትሊትዝ ስም የምትጠራ ትንሽ ፈጣን ወፍ አለች። እንቁላሏን የምትጥለው በባዶ መሬት ላይ ነው፤ ሥጋት ሲመጣባት በእግሯ አሸዋ እየጫረች እንቁላሎቿን ትሸፍናቸውና ትሄዳለች። መጥበሻ እየገፋ የሚሳበው ሰው ከፊቱ ወዲያና ወዲህ የምትሮጠውን ወፍ ሲከታተል የእርሷ ሀብት ከክርኑ ሥር ሊሆን ይችላል። የተሸፈነውን እንቁላል አያየውም፤ ወፏ ልታቀርበው የቻለችው መስሎት ደስ ይለዋል። በእርግጥ ግን መራቅ ያልቻለችው ጎጆዋ እዚያ ስለ ሆነ ነው።

በፎቶግራፉ የመጀመሪያ ዘመን ጎጆን የሚሸፍኑ ቅርንጫፎችን ወደ ጎን አስሮ ማንሣት የተለመደ ነበር፤ ጥላውን ያጣ ጫጩት በፀሐይ እንደሚጎዳ፣ የተገለጠ ጎጆም ለአዳኝ አውሬ መንገድ እንደሚያሳይ ከጊዜ በኋላ ስለ ታወቀ ዛሬ አንዳንድ ውድድሮች የጎጆ ምስል ፈጽሞ አይቀበሉም። ስለ ዝቅተኛው መደገፊያም ተመሳሳይ ሥርዓት ያስፈልጋል። ከመተኛት በፊት ቆሞ መሬቱን መመርመር፣ ወፏ ክንፏን እንደ ተሰበረ እየጎተተች ወይም አንድ ቦታ እየዞረች ስትጮኽ ወዲያው ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ የሚራቡበትን ወራት ዐውቆ ከዳርቻው መራቅ የሙያው ግዴታዎች ናቸው። ካሜራውን በመጥበሻው ላይ አስቀምጦ ከሩቅ ማስነሣትም ይቻላል። በኪርተን ወንድማማቾች ዘመን እንኳ በረጅም የጎማ ቱቦ አየር እየገፉ መዝጊያውን ከርቀት መክፈት የታወቀ ዘዴ ነበር፤ ዛሬ ያለ ሽቦ የሚሠራ ማስነሻ ሳለ ምክንያት ሊቀርብ አይችልም። ወፏ ስትፈቅድ ትመጣለች፤ ካልፈቀደች ምስሉ ይቀራል። ሆስኪንግ በዓይኑ የከፈለበት ትምህርት ይህ ነው።

እጅ የሚያስተምረው

የእነዚህ መደገፊያዎች ትልቁ ዋጋ ርካሽነታቸው ነው ብሎ መደምደምም ስሕተት ይሆናል። እርግጥ ውድ ዕቃ ለመግዛት የማይችል ወጣት በዚህ መንገድ ከጥበቡ ደጃፍ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። መጥበሻውን የበሳ ሰው የካሜራውን ክብደት ያውቃል፤ ከረጢቱን የሰፋ ሰው ንዝረት ምን እንደ ሆነ በእጁ ተረድቷል፤ ከመነዳሪውን ውኃ ላይ የሞከረ ሰው ማዕበሉ ከየት እንደሚመጣ ተመልክቷል። መሣሪያውን ሲሠራ ስለ ቦታው ማሰብ ጀምሯል። ለአሸዋ መጥበሻ፣ ለድንጋያማ ዳርቻ ከረጢት፣ ለረግረግ ተንሳፋፊ ጣውላ የሚስማማው ቦታው ራሱ ስለሚያዝዝ ነው። የተገዛ መቆሚያ ለሁሉም ቦታ አንድ ነው፤ በእጅ የተሠራው ግን የቦታውን ጠባይ ይወርሳል። ይህን ዕውቀት ይዞ ዳርቻ የወረደ ሰው ቦታውን ከምስሉ ማጥፋቱ የሚያስቆጨውም ለዚህ ነው።

ከዚህ አኳያ ሥራው ለትምህርት ቤት ክበባት እጅግ የተስማማ ነው። የሒሳብ መምህሩ የእይታውን መሥመር በመሬት ላይ በገመድ ሊያሳይ ይችላል፤ የእጅ ሥራ መምህሩ ቡሎኑን ያሳስራል፤ የሥነ ሕይወት መምህሩ የወፏን ጠባይና የመራቢያ ወራቷን ያስረዳል፤ የሥዕል መምህሩ ጀርባና ፊት እንዴት እንደሚደራጁ ያስተምራል። ረጅም ሌንስ ባይኖርም ችግር የለም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ሲያራግፉ አባ ኮዳ ከሰው እግር ሥር ድረስ ይመጣል፤ በአንድ ከረጢት ባቄላ ላይ የተቀመጠ የእጅ ስልክ ያን ረጅም ወፍ ከነጀልባው፣ ከነመረቡና ከነሰዉ ሊይዘው ይችላል። እንዲያውም አጭሩ ሌንስ ቦታውን ስለማይደመስስ ጀማሪው ከባለሙያው የተሻለ ምስክር የሚሆንበት አጋጣሚ ይኖራል።

የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁና ሽልማት የሚሰጡ ወገኖችም ከዚህ የሚደርሳቸው ድርሻ አለ። እስካሁን ባለው ልማድ ዳኛው በመጀመሪያ የሚመለከተው የዓይኗን ጥራትና የጀርባውን ልስላሴ ነው። ምስሉ የት፣ መቼና እንዴት እንደ ተነሣ የሚጠይቅ ዳኛ ቢኖር፣ አንሺውም ከምስሉ ሥር እንዲጽፈው ቢገደድ፣ ተወዳዳሪው ሌላ ዓይነት ምስል ይዞ ይመጣ ነበር። ሂስ ያልነካው ጥበብ ራሱን እየደገመ ይደርቃል፤ የዝቅተኛው እይታ ጥበብም አሁን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሙገሳ አይደለም።

ዝቅ ያለው መደገፊያ ለወፏ ፊት ሰጥቷታል፤ ከመንጋው ለይቶ አክብሯታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሁን የሚቀረው የነጠቃትን አገር መመለስ ነው። በማማው ላይ የቆመው ልጅ ወፏን አንድ በአንድ አያያትም፤ ማሳውን፣ ሰማዩንና መንጋው የመጣበትን አቅጣጫ ግን በአንድ ጊዜ ያያል። በመሬት የተኛው ፎቶግራፍ አንሺ የወፏን ዓይን ያያል፤ የቀረውን ሁሉ ዘንግቷል። ያ ልጅ ከወፍ ያዳነው እህል በከረጢት ሆኖ ዛሬ ካሜራውን ይሸከማል። በከረጢቱ ላይ የተጋደመው ካሜራ የሁለቱን እይታ ቢያስታርቅ፣ ማለት ወፏን በዓይኗ ልክ፣ አገሯንም በሙሉ ስፋቱ ቢያሳይ፣ ምስሉ ለውድድር ብቻ ሳይሆን ለነገ ትውልድም የሚነበብ ሰነድ ይሆናል።